ከሐረግ ሜዳ የሚመጣ ፈቃድ

ቤይሩት፣ ቨርደን
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለከማሉዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አንተም፣ እናትህም፣ በቀዬው ያለው ዘመድ ሁሉ እንደምን ከርማችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል፤ እሱንም ካገር ቤት ይዤው ስለመጣሁ በሊባኖስ አላመካኝም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት እንዳትል። አንደኛ፣ እናንተ ጋ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ጠያቂው እኔ ሳልሆን የማዳሜ አባት ናቸው። ሐጅ ነዲም ይባላሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ጂዶ፣ አያቴ እንደማለት፣ ስለሚሏቸው እኔም ጂዶ ነው የምላቸው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። በጉልበታቸው ጊዜ ከቤይሩት ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። ባቡሩ በጦርነቱ ዘመን ቆመ። መቆሙን አንዳንድ ቀን ያውቁታል፣ አንዳንድ ቀን አያውቁትም። ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ማንም እንዲነካው የማይፈቅዱትን ትልቅ መዝገብ ጭናቸው ላይ አድርገው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ሲተኙ መዝገቡ ትራሳቸው ሥር ይገባል።

ባለፈው ሳምንት ራውሼ ባሕሩን እንዲያዩ በወንበራቸው እየገፋኋቸው ሳለ፣ ጨዋታ ላምጣ ብዬ፣ የአጎቴ ልጅ አገር ቤት የባቡር ጣቢያ ሹም ነው አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ብቻ ሆኗል። እንዳሉኝ እጽፍልሃለሁ፦ የሐዲዱ ስፋት ስንት ነው? ባቡሩ በምን ይሄዳል? መንገዱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ባቡር እንዲነሳ የሚፈቅደው ማን ነው? የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ደግመውታል።

መልሱን በወረቀት ነው የሚፈልጉት። "የጣቢያ ነገር በአፍ አይሆንም፣ ያ ቢንቲ" ይላሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በሀዲያ በኩል ላከው። ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሱቅ አላት፤ እንደኔው ቤት ሠራተኛ ነበረች፣ ዛሬ የሰው ደብዳቤና ዕቃ በመንገደኛ እጅ ታመላልሳለች። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ መዲና


ሐረግ ሜዳ ጣቢያ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም መዲና
ቤይሩት

ጉዳዩ፦ የባቡሩን አሠራር ስለማስረዳት

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እናቴ በየሰላቱ ዱዓ ታደርግልሻለች። የሐጅ ነዲም ጥያቄ ደርሶኝ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

የሐዲዱ ስፋት መቶ አርባ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ከጅቡቲ ይመጣ የነበረው የድሮው አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ባቡሩ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ሲሆን ሽቦው ከላይ ተዘርግቷል። መንገዱ አንድ ነው። ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ስለሆነ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ከአንድ ባቡር በላይ አይገባም። የሥራው ሁሉ መሠረት ይህ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ፣ በአዲሱ አሠራር የሚፈቅደው መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ነው። እዚያ የተቀመጠው ሰው መስመሩን በሙሉ በስክሪን ያያል፤ ሐዲድ መቀየሪያውንም መብራቱንም ከዚያው ሆኖ ያዛል። ጣቢያው ያያል፣ ይመዘግባል፣ ማዕከሉ ሲሳነው ይተካል። ያን ጊዜ ወደ ድሮው አሠራር እንመለሳለን። አስነሺው ጣቢያ ቀጣዩን "መንገዱ ነፃ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጣዩ በዓይኑ አይቶ፣ ቁጥርና ሰዓት ሰጥቶ፣ ፈርሞ ይመልሳል። ሳያዩ መፈረም ከስርቆት የከፋ እንደሆነ ነው የተማርነው። ጣቢያ መዝጋት እንኳ በፈቃድ ነው። ጎረቤቱ "ሰምቻለሁ፣ ዝጋ" ካላለው ሹሙ ወንበሩን ጥሎ አይሄድም።

ይህ ደግሞ ላንቺ ብቻ ነው። ባቡሩ ገና አልመጣም። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ጣቢያው ተሠርቷል፣ የመብራት ኃይሉ ግን አልተገናኘም። እኔና ሁለት ጥበቃዎች ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ለሐጁ አትንገሪያቸው፤ ሙያችንን ይንቁብናል። የምታገኚ ከሆነ የሚያንፀባርቅ ሰደርያ ላኪልኝ፤ ሐዲዱን በእግሬ እየሄድኩ ስመለከት መኪና ያለው ሰው እንዲያየኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ከማሉዲን፣ የጣቢያ ኃላፊ


ቨርደን
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት የጣቢያ ኃላፊ፤

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይግባ። "ጉዳዩ" ብለህ ስትጀምር ከቀበሌ ክስ የመጣብኝ መስሎኝ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ለጂዶ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሐዲዱን ወደዱት፣ ሽቦውን ወደዱት፣ ማዕከሉ ላይ ስንደርስ እጃቸውን አነሱ። "መብራት ሲጠፋበትስ?" አሉ። እዚህ አገር ይህን የማይጠይቅ የለም። የመንግሥት መብራት ከመጣ በቀን አራት ሰዓት ነው፤ የቀረው በጄኔሬተር ነው፤ አምስተኛ ፎቅ ስለሆንን ሊፍቱ በቆመ ቁጥር ውሃና ዕቃ በኔ ወገብ ይወጣል። "ሲጠፋበት ወደ እናንተው አሠራር ይመለሳሉ" ስላቸው ፊታቸው በራ። ባቡሩ አለመምጣቱን አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝምም።

አሁን የመጣውን ነገር ስማ። ጂዶ ከራሳቸው ጣቢያ ቀጥሎ ያለው ያንተ ሐረግ ሜዳ ነው ብለው ወስነዋል። መካከሉ ስንት ባሕርና በረሃ እንደሆነ ማን ይንገራቸው። የሐረግ ሜዳ ሹም ካልፈቀደ ቀኑ አይነሳም ይላሉ። በየጠዋቱ "ጠሪቅ ሳሊክ?" ብለው ይጠይቁኛል፣ መንገዱ ነፃ ነው ወይ ማለታቸው ነው። ነፃ ነው ስላቸው "አንቺ ማን ነሽ? ወረቀቱ የታለ?" ይሉኛል። ቁርስ አይበሉም፤ የልብ መድኃኒታቸው ደግሞ ያለ ቁርስ አይዋጥም። ማዳሜ መጀመሪያ ሳቀች፤ በአራተኛው ቀን ሳቋ አለቀ።

ስለዚህ ፈቃድ ጻፍልኝ። ቁጥርና ሰዓት ያለው፣ ማኅተም ያለበት። ሰደርያውን ሀዲያ ገዝታልሃለች፤ ብርቱካናማ ነው፣ ሙሽራ ትመስላለህ።

መዲና


ሐረግ ሜዳ ጣቢያ
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም መዲና
ቤይሩት

ጉዳዩ፦ አሥራ አምስት የመንገድ ፈቃድ ስለመላክ

የአላህ ሰላም በቤትሽና በሐጁ ላይ ይሁን። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ገብቷል።

ፈቃድ አስቀድሞ አይፈረምም፤ በዕለቱ ታይቶ ነው። ደብዳቤው ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ብዙ አስቤበት እንዲህ ወሰንኩ። በየማለዳው ከጣቢያው እስከ ድልድዩ በእግሬ ሄጄ ሐዲዱን እመለከታለሁ፤ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ነፃ መሆኑን አይቼ አንድ እፈርማለሁ። ቀኑን ባዶ እተወዋለሁ፤ ሐጁ ራሳቸው ይሙሉት። ቀን ባዶ መተው ደንቡ አይፈቅድም፤ ለበሽተኛ ሲባል ተፈቅዷል። የፈቀድኩት እኔ ነኝ።

"ጠሪቅ ሳሊክ" የሚለውን ቁርአን ቤት በተማርኩት የዐረብ ፊደል ጽፌዋለሁ። በስድስተኛው ቀን ሐዲዱ ላይ የሰው በሬ ተኝቶ ስላገኘሁ አልፈረምኩም። ቁጥር ስድስት የሌለው ለዚህ ነው። ለሐጁ አስረጂያቸው።

እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈርሜ የሰጠሁት ወረቀት አልነበረም። አሁን የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ አውቄ ስነሳ እግሬ ቀለል ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
ከማሉዲን፣ የጣቢያ ኃላፊ


ቨርደን
ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ከማሉዲን፤

ሰላም ይብዛልህ፣ እግርህም አይድከም። ወረቀቶቹ ደርሰዋል። ስለ ቁጥር ስድስት ስነግራቸው ጂዶ "ይህ ሰው ሹም ነው" አሉ። ጽሕፈትህን ግን የቁርአን ቤት ልጅ ይመስላል ብለውታል።

ሥራው የጀመረው ግን በረሃብ ነው። መጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ አነበቡት፤ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ቁርሱን ገፉት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን እኔም ተናደድኩ። "ሹሙ ፈቅዶ የለም ወይ?" ብላቸው "ፈቅዷል፣ ጊዜው አልደረሰም" አሉኝ። ከቀትር በኋላ የግድግዳው ሰዓት 1:30 ሲል ማንኪያቸውን አነሱ። ለካ አንተ "1:30" ብለህ ጽፈሃል፤ የኛ ጠዋት አንድ ተኩል እዚህ 7:30 ነው። ይህን ስህተት ከኛ አገር ሰው በቀር የሚሠራው የለም፤ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ኖሬበት አልነቃሁም። የነቃችው ሀዲያ ናት፤ ወረቀቱን እንዳየች ሳቋ አላስቆም አላት።

ሰዓቱን በእስክሪብቶ አስተካከልኩት። ጂዶ አሁንም ተቆጡ። እርማት ያረመው ሰው ካልፈረመበት ዋጋ የለውም አሉ። አሥራ አምስቱም ላይ "መዲና" ብዬ ፈረምኩ። ይኸው እኔም የባቡር ሠራተኛ ሆንኩ። ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ "ስለዚህ እነሱ ቀኑን የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነው" አሉና በወረቀት ጻፉት።

ቁርሳቸውን እየበሉ ነው። ከእንግዲህ በነሱ ሰዓት ጻፍ፣ ቶሎም ላክ።

መዲና


ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም መዲና፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ሠላሳ ፈቃድ ልኬያለሁ፤ ለወር ይበቃል። ሰደርያውን ሀዲያ ገና ካልላከችው ይቅር፤ ለሌላ ሰው ትስጠው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሐጅ ነዲም ባቡሩ ከቆመ በኋላ ስንት ዓመት ጣቢያው ላይ ተቀመጡ? ደሞዙስ ይከፈላቸው ነበር?

ከማሉዲን


ቨርደን
ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ከማሉዲን፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። እናትህን በኔ ስም እጇን ሳምልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣው መንገደኛ ነገ ስለሚነሳ ፈጥኜ ነው የምጽፈው።

ጥያቄህን ለማዳሜ አቀረብኩላት። አባቷ ባቡሩ ከቆመ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ደሞዛቸው አንድ ወር ሳይጎድል፣ ጡረታ ወጡ። "ከደሞዙ ይልቅ ወንበሩ ነው የጎዳው" አለች።

ስለ ወረቀቶቹ ልንገርህ፣ አትቀየም። ማኅተም የለባቸውም። "ጉዳዩ" የሚል ደብዳቤም አልመጣም። ጂዶ ሠላሳውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው አዩዋቸው። አንድ ቀለም፣ አንድ የእጅ ክብደት፣ ሁሉም 7:30። "ሐዲድ በየቀኑ 7:30 ላይ አይታይም" አሉ። በበሬ ምክንያት የቀረም ቁጥር የለም። ቁርሳቸውን ይበላሉ፣ ግን ወረቀቱን ይዘው ቆይተው ነው። እኔ ምንም አልጠየቅኩህም።

ትልቁ ነገር ይህ ነው። ማዳሜ ልጆቿ ያሉበት ካናዳ ልትሄድ ነው። ቤቱ ጥቅምት 15 ቀን ይለቀቃል። ጂዶን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የአረጋውያን ቤት አስመዝግባቸዋለች። ሄጄ አይቻለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ በረንዳ አለው፣ የሚያስታምሙት መነኩሲቶች ደጎች ናቸው። ለኔ አታስብ፣ ሀዲያ ሱቋ ውስጥ ታሠራኛለች። ጂዶ ግን "ጣቢያዬን ክፍት ጥዬ አልሄድም" ብለዋል። አንዴ አይደለም፣ በየቀኑ። የበሩን እጀታ ይዘው ይጮኻሉ። ማዳሜ በመጨረሻ "ኸላስ፣ በቃ፣ መርፌ ይወጉትና ተኝቶ ያወርዱታል" አለች። እያለቀሰች ነው ያለችው፣ ክፉ አይደለችም። እኔ ግን እኒህን ሰውዬ እንደ ሶፋ አስተኝተው ደረጃ ሲያወርዷቸው ማየት አልፈልግም።

የምለምንህ አንድ ወረቀት ነው። ማኅተም ያለው፣ "ተነሥ፣ መንገዱ ነፃ ነው" የሚል። ካንተ ከመጣ ይሄዳሉ።

መዲና


መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም መዲና፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ወረቀቱን ልልክልሽ አልችልም። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የጣቢያ ኃላፊ አይደለሁም። ሌቦች የመዳብ ሽቦውን ቆርጠው ወሰዱ። ከዚያ የሚጠበቅ ነገር ቀነሰና ውላችን አልታደሰም። ማኅተሙን አስረከብኩ። አሁን ከተማ ውስጥ እህል መጋዘን ነኝ፣ ሚዛን ላይ። ማሽላ ሲገባ እመዝናለሁ፣ ሲወጣ እመዝናለሁ። ሥራው ደህና ነው። እናቴ ግን እስካሁን ለጎረቤት "ልጄ ባቡር ላይ ነው" ትላለች፤ እኔም አላረምኳትም።

ሠላሳውን ፈቃድ የፈረምኩት መጋዘኑ ውስጥ ነው፣ በአንድ ቀን፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ሐዲዱን አላየሁም። ሽማግሌው ቁርሳቸውን ይብሉ ብዬ ነው፤ ቢሆንም ሳላይ ፈርሜያለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፣ እኔም ደረሰብኝ። ሐጁ ገና ሲያዩት ማወቃቸውን ከደብዳቤሽ ሳነብ ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አንድ እውነተኛ ወረቀት ልፈርምላቸው ብዬ ጁምዓ ከሰዓት ወደ ሐረግ ሜዳ ሄድኩ። እስከ ድልድዩ ሄጄ መጣሁ። መንገዱ ነፃ ነው፤ ሣር ብቻ በቅሎበታል። ግን በምን ሥልጣን ልፈርም? ሹም አይደለሁም። ጣቢያውንም የዘጋሁት ማንም "ዝጋ" ሳይለኝ ነው፤ ቁልፉን ተቀበሉኝ፣ በቃ። ጎረቤት ጣቢያ ያለኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ ለሳቸውም አላሳወቅኩም።

ለሐጅ ነዲም እውነቱን ንገሪያቸው፦ የሐረግ ሜዳ ሹም ሐምሌ 30 ቀን ጣቢያውን ለቋል፤ ሳያሳውቅ በመሄዱ ይቅርታ ይጠይቃል። ብትደብቂያቸውም አልፈርድብሽም።

ወንድምሽ ከማሉዲን


ቡርጅ ኤል ባራጅነህ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ከማሉዲን፤

አላህ በያለህበት ይጠብቅህ። ይህን የምጽፍልህ ከሀዲያ ሱቅ፣ በርበሬ ጆንያ አጠገብ ተቀምጬ ነው። እንግዲህ ሁለታችንም ጆንያ ላይ ነን።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ጉያዬ ውስጥ ደበቅኩት። የአረጋውያን ቤቱ ሰዎች ቅዳሜ ሊመጡ፣ ዐርብ ጠዋት ጂዶ ኮታቸውን ለብሰው "ከሐረግ ሜዳ ደብዳቤ አለ?" አሉኝ። የለም ልል አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። "አለ" አልኩ። "ሹሙ ጣቢያውን ለቋል። ሳያሳውቅዎት ስለሄደ ይቅርታ ይለምናል።" ይጮኻሉ ብዬ ወንበራቸውን ያዝኩ።

አልጮኹም። "ራሱ ጻፈው?" አሉ። "በእጁ።" "ስሙን ፈረመበት?" "ፈርሟል።" "አሳዪኝ።" አማርኛውን ማንበብ አይችሉም፤ ግን መስመር በመስመር በጣታቸው ሄዱበት፣ ፊርማህ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ መዝገቡን ከፈቱት።

አራት ዓመት ከትራሳቸው ሥር ሳወጣና ሳስገባ ውስጡን አይቼው አላውቅም። የመጨረሻው ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። የመጨረሻውን መስመር እያነበቡ አሰሙኝ፦ "ጣቢያውን ለመዝጋት ጠየቅሁ። ከሰሜን መልስ የለም።" ከሰሜን የነበረው ጎረቤታቸው አቡ ሰሚር የሚባል ሹም ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ፣ አንድ ቃል ሳያስተላልፍ። ጂዶ ሁለት ቀን ስልኩ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁት። ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት። ከዚያ ደግሞ እስከዚያች ዐርብ። ሕመም ነው ብለን ሁላችንም እናስታምማቸው ነበር፤ ሰውዬው ግን ደንቡን እየጠበቁ ነበር። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

"አቡ ሰሚር እኮ እንዲህ ብሎ መጻፍ ብቻ ነበረበት" አሉ። ሌላ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። እስክሪብቶ ጠየቁኝና ከመስመሩ በታች ጻፉ፦ "ሐረግ ሜዳ መልቀቁን አሳወቀ። ሰምቻለሁ። ጣቢያው ተዘግቷል።" ማዳሜ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

ቅዳሜ መብራት አልነበረም፣ ሊፍቱ ቆሟል። ሁለት ሰዎች በወንበራቸው ተሸክመው አምስት ፎቅ አወረዷቸው፤ መርፌ አልተወጉም። በየፎቁ በር የከፈተውን ጎረቤት በጭንቅላታቸው ሰላም እያሉ ወረዱ። መዝገቡን በረንዳ ላይ ትተውት ስለነበር ይዤው ልከተላቸው ሮጥኩ። "ተዪው፣ ያ ቢንቲ፣ የተዘጋ መዝገብ አይሸከሙትም" አሉኝ። ትናንት ሄጄ አየኋቸው። ቁርስ ሲመጣላቸው ይበላሉ፤ ስለ ወረቀት አይጠይቁም።

ሠላሳውን ወረቀት በተመለከተ "ለሰው ቁርስ ተብሎ የተፈረመ ነው፣ ባቡር አልሄደበትም" ብለዋል። ለእናትህ ግን አንተው ንገራት።

ከዚህ ጋር ያጠፍኩልህን ወረቀት የጻፉት ያን ዐርብ ነው፤ መዝገቡን ከዘጉ በኋላ አዲስ ገጽ ቀድደው። እንዲህ ይላል፦ "ለሐረግ ሜዳ ሹም። ሰምቻለሁ፣ ዝጋ። 3:10። ነዲም።" የግድግዳው ሰዓት 9:10 ይል ስለነበር የተሳሳቱ መስሎኝ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ የኛን ሰዓት አቆጣጠር የጻፉበትን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝና "በሱ ሰዓት ነው የጻፍኩት" አሉ።

እህትህ መዲና